ግልጽ ደብዳቤ፦ የኬጂ ልጆቻችን ድንቅነሽን እንዲያዩ

ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርትና አስተዳደር

ግልባጭ፦ ለኬጂ መምህራን፤ በአዲስ አበባ ለሚኖሩ የኬጂ ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የኬጂ ተማሪዎች የብሔራዊ ሙዚየም ጉብኝት እንዲቀር የተላለፈው ውሳኔ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር አባላት፣

የኬጂ ተማሪዎች ከዚህ ዓመት ጀምሮ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም እንደማይሄዱ ያወቅነው በልጆቻችን ኮሙኒኬሽን ቡክ ውስጥ ከተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ነው። ጉብኝቱ ለዕድሜያቸው እንደማይመጥን፣ ልጆቹም ለቁጥጥር እንዳስቸገሩ ወረቀቷ ትገልጻለች። በምትኩ አንድ የገበያ ሕንጻ ውስጥ ወዳለ መጫወቻ እንደሚወሰዱና ክፍያው እንዳለፈው እንደሚቀጥል ትጨምራለች። ከእኛ የተጠየቀው ፊርማ ብቻ ነበር። አልፈረምንም፤ ያልፈረምንበትን ምክንያት እዚህ እናስረዳለን።

ጉዳዩን በወላጆች ስብሰባ ላይ አንሥተን “ይታያል” ተብለናል። ከዚያ ወዲህ መልስ የሰጠን የለም፤ ወደ ግልጽ ደብዳቤ የመጣነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቀስንም። ልጆቻቸውን ሌላ ቦታ የሚያስተምሩ ጎረቤቶቻችንና የሥራ ባልደረቦቻችን ተመሳሳይ ነገር ሲነግሩን ስለሰነበቱ፣ ችግሩ የአንድ ግቢ ብቻ እንዳልሆነ ተረድተናል። ስም ከማንሣት ይልቅ አሠራሩ ቢታረም እንመርጣለን።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነን “ለዕድሜያቸው አይመጥንም” የተባለው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ሙዚየሙ ውስጥ አጽሟ የሚታየው ድንቅነሽ (ሉሲ) ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች። ከአጽሟ 40 በመቶ የሚሆነው ተለቅሟል፤ ዕድሜዋም ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ዕድገቷን የጨረሰች ሴት ናት፤ ቁመቷ ግን 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ እንደነበረ ይገመታል። ይህ የአንድ የኬጂ 3 ልጅ ቁመት ነው። እሷን ለማየት ወደ ሙዚየሙ ምድር ቤት ከሚወርደው ጎብኚ ሁሉ ከድንቅነሽ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊለካካ የሚችል ቢኖር፣ እናንተ “አልደረሰም” ያላችሁት ልጅ ነው።

እዚያው የምትታይ ሌላ ጥንታዊ አጽም፣ ሰላም ደግሞ አለች። በተመራማሪው ዘረሰናይ አለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ1993 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኛት ሰላም ስትሞት ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። አጥንቶቿ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር አንድ ሆነው ስለነበር የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምባቸው ዓይነት ቀጫጭን መሣሪያዎች ቅንጣት በቅንጣት እየተፋቀ እስኪላቀቁ ዓመታት ወስዷል፤ ለዓለም ይፋ የተደረገችውም በመስከረም 1999 ዓ.ም. ነው። የወተት ጥርሶቿ በቦታቸው ናቸው። ገና ያልወጡት ቋሚ ጥርሶች ደግሞ መንጋጋዋ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ በጨረር ምርመራ ታይተዋል። የኬጂ 3 ልጆቻችን ጥርሳቸው በየሳምንቱ እየተነቀለ ጣሪያ ላይ የሚወረውሩበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለ ወተት ጥርስ ከእነሱ በላይ የሚያገባው ጎብኚ ከየት ይመጣል? አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን የምትታይበትን ቤት ለሕፃናት አይሆንም ማለት በእኛ እምነት ትልቅ ስሕተት ነው።

ድንቅነሽ ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ ስትዞር ቆይታለች። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከሰላም ጋር ፕራግ ድረስ ሄዳ ለሕዝብ ታይታለች። በዚህ አንከፋም። የሚያስከፋን፣ የሩቅ አገር ሰው እንዲያያት ይህ ሁሉ ሲደከም ለእኛ ልጆች አምስት ኪሎ ድረስ ሰርቪስ ማሰማራት ከባድ መሆኑ ነው። እዚያ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይቀመጣል የሚል ወላጅ አጋጥሞናል። እውነት ነው። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ግን የእጇን ርዝመት፣ የመንጋጋዋን ቅርጽ፣ የቁመቷን ማነስ ከቅጂውም አሳምሮ ያያል።

አሁን ወደ ባለፈው ዓመት ጉብኝት እንለፍ። ለውሳኔው ምክንያት የሆነው የዚያ ቀን ትርምስ ከሆነ፣ ትርምሱ ከየት እንደመጣ በትክክል መታወቅ አለበት።

በዚያ ቀን ልጆቹ በአንድ ጠዋት ሦስት ቦታ እንዲያዩ ነበር የታቀደው፤ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም፣ ከዚያ ፒያሳ ወርደው የአድዋ ድል መታሰቢያ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ ቀን የሚፈልጉ ናቸው። ለአዋቂ እንኳ ሦስቱን በአንድ ጠዋት ማዳረስ ሩጫ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ከቅጣት አይለይም። ሰርቪሱ ዘግይቶ ተነሣ። ልጆቹ ሙዚየሙ በር ላይ ሲደርሱ የመክሰስ ሰዓታቸው አልፎ ነበር፤ ምሳ ዕቃቸው ግን መኪናው ውስጥ ተቆልፎበት ሹፌሩ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሄዷል።

ሽንት ቤት የወሰዳቸው የለም። አንዲት የኬጂ 1 ልጅ ሰልፍ ላይ እንደቆመች ሽንቷ አመለጣት። ቅያሪ ልብስ የያዘ ሰው ስላልነበረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእርጥብ ዩኒፎርም ዋለች። እናቷ ይህን የሰማችው ማታ ከልጇ አፍ ነው። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድም እያለች አልቅሳለች። ይህን እዚህ የምንጽፈው እናቲቱን አስፈቅደን ነው።

የባሰውም አለ። ልጆቹ የተቆጠሩት ከትምህርት ቤት ሲወጡ ብቻ ነበር። ከምድር ቤቱ ወደ ላይ ሲወጡ አንድ የኬጂ 2 ልጅ ወደኋላ ቀርቷል፤ ሌላ ጎብኚ እጁን ይዞ አውጥቶ ለመምህርቷ አስረክቧል። ያን ሰው አናውቀውም፤ ከልባችን እናመሰግነዋለን። ለልጁ ወላጆች ግን ከትምህርት ቤቱ ስልክ አልተደወለላቸውም፣ ማስታወሻም አልተጻፈላቸውም። እነሱም የሰሙት ከሌላ ልጅ እናት ነው።

በወረቀታችሁ ላይ መምህራኑ ልጆቹን መቆጣጠር እንዳልቻሉ የሚያስመስል አገላለጽ አለ። ይህን አንቀበልም። አንዲት መምህርትና አንዲት ሞግዚት ለሙሉ ክፍል ተመድበው፣ ቦታውን አስቀድመው እንዲያዩ እንኳ ጊዜ ሳይሰጣቸው፣ ልጆቹን በሰላም መመለሳቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። እኛ ወላጆች ለማገዝ አብረን እንሂድ ብለን ጠይቀን ነበር። “ሰርቪስ ውስጥ ቦታ የለም” ተባልን። በራሳችን መኪናና ታክሲ እንመጣለን ስንል ደግሞ ልጆቹ ወላጅ ሲያዩ ይረበሻሉ ተባለ።

ሙዚየሙ ውስጥ ምን እንደተደረገ ልጆቹን ጠይቀናል። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሰልፍ አልፈዋል። መስታወቱ ፊት አቁመው ፎቶ አነሷቸው፤ ፎቶዎቹም በዚያው ማታ በትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ገጽ ላይ ወጡ፤ የማናችንም ፈቃድ አልተጠየቀም። ስለ ድንቅነሽ የተነገራቸው “አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ” የሚለውን የሳይንስ መጠሪያ ነው። በማግስቱ ያንን ስም በቃላቸው እንዲይዙ የቤት ሥራ ተሰጣቸው። ሰላምን ያየ አንድም ልጅ አላገኘንም። አንዱ ልጅ ቤት ገብቶ “የሞተ ሰው አየን” ብሎ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን መተኛት እምቢ አለ። ስላየው ነገር በደግ ቃል የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው የፈራው። ይህን ሁሉ ይዛችሁ ልጆቹ “አይረዱም” ስትሉ እኛ ልንቀበል አንችልም። ያስረዳቸው አልነበረምና።

ከጉብኝቱ ጨርሶ የቀሩ ልጆችም አሉ። የጉብኝቱን ክፍያ በወቅቱ ያልከፈሉ ወላጆች ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው መጥተው፣ ጓደኞቻቸው ሰርቪስ ሲሳፈሩ በመስኮት እያዩ አንድ ክፍል ውስጥ ዋሉ። የአራት ዓመት ልጅ አባቱ ደመወዝ እንዳልወጣለት አይገባውም፤ የሚገባው እሱ ብቻ መቅረቱ ነው። እግሩን የሚያመው፣ በድጋፍ የሚራመድ አንድ ልጅም አለ። ደረጃ ስላለ “ለራሱ ደኅንነት” ቤት እንዲቆይ ተነገረ። የዚህ ልጅ አባት ተሸክሜው እወርዳለሁ ብሎ ነበር። የምድር ቤቱን ደረጃ ለማውረድ የአባት ጀርባ ይበቃ ነበር።

አንድ ሌላ ጉዳይም በግልጽ መነሣት አለበት። ከወላጆች መካከል የጉብኝቱን መቅረት የደገፉ አሉ፤ ምክንያታቸው ሃይማኖት ነው። ልጆቻችን በዚህ ዕድሜያቸው የሰውን አመጣጥ በሚመለከት ከቤታቸው ከሚማሩት ጋር የሚጋጭ ነገር እንዲሰሙ አንፈልግም ይላሉ። እነሱም የእኛው አባላት ናቸው፤ በዚህ ደብዳቤ ላይም ተነጋግረናል። የተስማማንበት ይህ ነው፤ የኬጂ ልጅ አፋር ውስጥ ስለተገኙ ጥንታዊ አጥንቶች፣ አጥንት እንዴት ድንጋይ እንደሚሆን፣ ማን እንዳገኛቸው ሊነገረው ይችላል። ከዚያ ያለፈውን እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ እምነቱ ይናገር። የማይፈልግ ወላጅ ካለ ልጁን ያስቀር፤ ቀሪው ልጅ ግን በእሱ ምክንያት አይከልከል። ይህን እናንተም ልትጠይቁን ትችሉ ነበር። ጥያቄውን ከማንሣት ይልቅ ጉብኝቱን መሰረዝ ቀለላችሁ።

ይህን ሁሉ ስንል ዝም ብለን ከውጭ ሆነን አይደለም። ጥቂት ወላጆች ተሰባስበን የራሳችንንና የጎረቤት ልጆችን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወስደናቸዋል። ከመሄዳችን በፊት 1 ሜትር ከ10 የሚሆን ሪባን ቆርጠን ለየልጁ ሰጠንና ቤት ውስጥ ራሳቸውን፣ ታናናሾቻቸውን፣ የበር እጀታውን ሲለኩበት ሰነበቱ። ሙዚየሙ እንደተከፈተ ሳይጨናነቅ ገባን። መጀመሪያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ በቀጥታ ምድር ቤት። ሌላውን ፎቅ ትተን አንድ ነገር ብቻ አከልን፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትልቁን የእንጨት ዙፋን። ከዚያ ወጥተን ግቢው ውስጥ ዳቧቸውንና ሙዛቸውን በሉ። አንድ ሰዓት አልሞላም።

ልጆቹ ዝም አላሉም፤ ዝም እንዲሉም አልፈለግንም። የምድር ቤቱ መስታወት ፊት ከልጆቹ አንዷ ሪባኗን ከራስ ጸጉሯ እስከ ጫማዋ ዘርግታ “እኔና እሷ እኩል ነን!” ብላ ጮኸች። ሌላው ለምን ጫማ የላትም አለ። ሌላዋ እንዴት ሞተች አለች። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ተመራማሪዎችም እንዳልተስማሙበት ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት የወጣ አንድ ጥናት ከዛፍ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ ሌሎች ደግሞ ይህን አልተቀበሉም። ለልጆቹ ይህንኑ ነገርናቸው፤ ከዛፍ መውደቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ የየራሱን ሐሳብ ሰጠ።

ከሁሉ የቆዩበት ግን ሰላም ዘንድ ነው። የድንቅነሽ ልጅ ናት ወይ ብለው ጠየቁ። አይደለችም፤ ሰላም ከድንቅነሽ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ቀድማ የኖረች ናት ስንላቸው አንዱ ልጅ “ታዲያ ሕፃኗ ናታ ታላቅ!” አለ። መምህራን እንደሚያውቁት፣ የረጅም ጊዜን ነገር ለኬጂ ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። ያ ልጅ በአንድ አፍታ የያዘውን እኛ በሥዕልም በቃልም ልናስይዘው አንችልም ነበር። ከዚያ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው የተነቀለ ጥርሳቸውን እርስ በርስ ሲያሳዩ ቆዩ።

በዚያ ቀን ያለቀሰ ልጅ የለም አንልም። አንዱ ደክሞት አልቅሷል፤ አባቱ አቅፎት ወጣ፤ ጥላ ሥር ውኃ ጠጥቶ ተመለሰ። ከልጆች ጋር መንገድ ሲወጣ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጉብኝት የሚያሰርዝ አይደለም።

በመጫወቻው ላይ ጥላቻ የለንም። ልጅ መዝለልና መንሸራተት ያስፈልገዋል፤ ቅዳሜና እሑድ እኛም እንወስዳቸዋለን። ከትምህርት ቤት የምንጠብቀው ግን እኛ ብቻችንን የማንሰጠውን ነው። ከእኛ መካከል ፈረቃ የሚሠሩ፣ ቅዳሜም እሑድም ሱቅ የሚውሉ፣ ራሳቸው ሙዚየሙን አይተውት የማያውቁ ወላጆች አሉ። የእነሱ ልጆች ድንቅነሽን የማየት ዕድላቸው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ውሳኔው ይነሣልን፤ የዚህ ዓመት ጉብኝትም ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና በፊት ይካሄድ። በአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ ይታይ፤ የኢትኖሎጂ ሙዚየሙና የአድዋ መታሰቢያው ለሌላ ጊዜ፣ ለሌላ ክፍል ይቆዩ። ኬጂ 1፣ 2 እና 3 በተለያየ ቀን ይሂዱ። ጠዋት በጊዜ ተነሥተው፣ መክሰሳቸውና ቅያሪ ልብሳቸው በእጅ ተይዞ፣ ሙዚየሙ ሲደርሱ ከሁሉ በፊት ሽንት ቤት ይወሰዱ።

ለአምስት ልጅ አንድ አዋቂ ይመደብ። መምህራንና ሞግዚቶች የማይበቁ ከሆነ እኛ አለን፤ የፈቃደኛ ወላጆችን ስም ዝርዝር ለርዕሰ መምህርቷ ቢሮ እናስገባለን። ከመኪና ሲወርዱ፣ ሲገቡ፣ ከምድር ቤት ሲወጡና ሲመለሱ ልጆቹ ይቆጠሩ። አንድ ልጅ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ከተለየ በዚያው ቀን ለወላጁ ይነገር።

መምህራኑ አስቀድመው በሥራ ሰዓታቸው ሙዚየሙን እንዲያዩ ይደረግ፤ ትራንስፖርታቸውም ይሸፈን። ልጆቹ ምን እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደሚጠይቁ እነሱ ያዘጋጁ፤ ስም ማስሸምደድና የቃል ጥያቄ ይቅር። ሙዚየሙም አስቀድሞ በደብዳቤ ይነገረው፤ የኬጂ ልጆች እንደሚመጡና በድጋፍ የሚራመድ ልጅ እንዳለ ካወቀ ማመቻቸት የሚችለውን ሊነግረን ይችላል።

በገንዘብ ምክንያት ማንም ልጅ አይቅር። ለዚህ የሚሆን መዋጮ ወላጆች በፈቃዳችን ለማሰባሰብ ዝግጁ ነን፤ የማን ልጅ እንደተከፈለለት ልጆቹም ሌሎች ወላጆችም እንዳያውቁ ይደረግ። በጤናና በአካል ምክንያትም ልጅ እንዲቀር ከመወሰኑ በፊት ከወላጁ ጋር ይነጋገሩ። የልጆች ፎቶ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ በምንም ገጽ ላይ አይውጣ፤ ባለፈው ዓመት የወጡትም ይነሡ።

በመጨረሻም በእርጥብ ልብስ ለዋለችው ልጅ፣ ወደኋላ ቀርቶ ለነበረው ልጅና ቤት እንዲቆይ ለተደረገው ልጅ ወላጆች ትምህርት ቤቱ በአካል ጠርቶ ይቅርታ እንዲጠይቅ እንፈልጋለን።

መልሳችሁን በኮሙኒኬሽን ቡክ ሳይሆን ፊት ለፊት መስማት እንወዳለን። የሚመቻችሁን ቀን በጽሑፍ አሳውቁን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን አብዛኞቻችን እንገኛለን። የኬጂ መምህራንም በስብሰባው ላይ ተገኝተው ያለ ስጋት እንዲናገሩ ይፈቀድላቸው።

ከአክብሮት ጋር

የኬጂ ተማሪዎች ወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ስለ ኮሚቴው አባላትና ስለ ፈራሚ ወላጆች
አዲስ አበባ